ለአባባ ሸማኔው መታሰቢያ፤ ስለ ሸማ ሥራ ታሪክ ጥቂት ቃል



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ያረፉ አባሎቻችንን በስም ዝርዝር ማስታወስ የቆየ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ግን «አባባ ሸማኔው» እያልን ስንጠራቸው የኖርነውን አባት በአንድ መስመር ማለፍ አልሆነልንም። ስማቸው ከዝርዝሩ ስላለ እዚህ አንደግመውም፤ ይልቅስ ከየት እንደ መጡና ሙያቸው በዚህ አገር ምን እንዳየ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል።

አባባ የዶርዜ ተወላጅ ነበሩ። ዶርዜ በጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ከተማ አጠገብ ይገኛል። አገሩ ብርዳም ነው። እዚያ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ቤቱም ቢሆን እኮ እንደ ሸማ የሚሠራ ነው፤ ቀርከሃው ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፣ በላዩ የቀርከሃ ቅርፊትና የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። እግሩን ምስጥ ሲበላው ታችኛው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። አባባ ይህንን ሲያወሩን «ዕድር ማለት ይኸው ነው» ይሉ ነበር።

ጋሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ሸማኔዎቹ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ብዙዎቹም ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። ቀድሞ የመጣው ዘመዱን ልጅ አስመጥቶ ሙያውን ያስተምራል። አባባም በልጅነታቸው አጎታቸውን ተከትለው የመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ከተማው ታዲያ ሸማውን ወደደ፣ ሸማኔውን ግን ናቀ። አንጥረኛውም፣ ፋቂውም፣ ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከልክለው፣ የሚሳደብ እንዲቀጣ አዘዋል። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስድብ በአንድ አዋጅ የሚያልቅ አልሆነም፤ እኛ ልጆች ሳለን እንኳ ከሸማኔ ጋር ማዕድ የማይቀርብ፣ ልጁን የማይድር ሰው በየሰፈሩ ነበር። ያው ሰው ግን ሲወለድ በሸማ ይጠቀለላል፣ ሲያገባ ኩታ ይደርባል፣ ሲሞትም በሸማ ይገነዛል።

ከጣሊያን ወረራ (1928-1933 ዓ.ም.) ወዲህ ዕድር በከተማችን እየተስፋፋ ሲሄድ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በዕድር መዝገብ ላይ ወርኀዊ መዋጮ እንጂ የዘር ግንድ አይጻፍም። ጡሩምባ ሲነፋ ባለሥልጣኑም ሸማኔውም እኩል ይወጣል፤ ቀሪ የሆነ እኩል ይቀጣል። አባባ በአባልነት በቆዩበት ዘመን ሁሉ ድንኳን ሲተከል ቀድመው የሚገኙ፣ የተቀደደውንም በእጃቸው የሚጠቅሙ ነበሩ።

በቤታቸው ደግሞ ፍቅር ነበር። እግራቸውን ከመሸመኛው ጉድጓድ አስገብተው መወርወሪያውን ሲያመላልሱ፣ ባለቤታቸው ከአጠገባቸው እንዝርት ያሾራሉ፣ ልጆቹ ቀሰም ያጠነጥናሉ። የሰፈር ልጅም ቢሆን ገብቶ ይቀመጣል እንጂ «ውጣ» አይባልም። ለልጅ ልጆቻቸው ከቀርከሃ ዋሽንትና ትንንሽ ቅርጫት ይሠሩላቸው ነበር። ለስድስቱም ልጆቻቸው ሠርግ ጋቢውን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤት አይገኙም። ደገኛ ናቸውና ልጆቹን አስከትለው እንጦጦ ይወጣሉ። ጽዱን፣ ወይራውንና ኮሶውን በየስሙ ያስተምሯቸዋል። በምኒልክ ዘመን የከተማው ማገዶ አልቆ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበርና ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማውን እንዳቆየው የነገሩን እሳቸው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈትም በከዘራ ተደግፈው ወጥተው አይተውታል።

ባለፈው ዓመት ሲያርፉ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል አባቶቻቸው ከሸማኔ ጋር ማዕድ ያልቀረቡ ሰዎች ልጆች ነበሩበት። አዋጁ የጀመረውን ነገር ጉርብትና ሲፈጽመው በዓይናችን አየን።

አሁን የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። የማሽን ጨርቅ ገበያውን እያጣበበው ነው፤ ከልጆቻቸውም ጉድጓዱ ላይ የተቀመጠው አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ለሠርግም ሆነ ለሐዘን ሸማ የምንገዛ አባላት የእጅ ሥራውን ብንመርጥ፣ ልጆቻችንንም ሙያውን እንዲያዩ ብንልክ ለአባባ ከሐውልት ይበልጥባቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እኮ የሸማኔን ቤት ያስታውሰናል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ለአባባም አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።