የጣርማ በር መንገድ፣ ነዳጁና የሠራተኛው ቆዳ

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሰሜን ሸዋን ደጋ ከይፋት ቆላ የሚያገናኝ መተላለፊያ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለችው ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ መንገደኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭና ከጉም ወደ ወባማ ሙቀት ይወርዳል። የሞተር ተሽከርካሪ ከመምጣቱ በፊት በይፋትና በደጋው መካከል የሚመላለሰው ጭነት እስከ ቆላው ጫፍ በግመል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በበቅሎና በአህያ ይጓጓዝ ስለነበር፣ የነጋዴውን ቆዳ የሚጎዳው የጭነት ገመድና ፀሐይ እንጂ ነዳጅ አልነበረም።

ይህ የተለወጠው በጦርነት ነው። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያንቀሳቀሰው፣ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች የነበሩት ጦር ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱን ፈርሶ ስላገኘው፣ እስኪጠገን ድረስ ለመቆም ተገድዷል። በወረራው ዘመንም ጣሊያኖች ተራራውን ሰርስረው ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ሠሩ፤ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ የሚጠራው ፊያት 634ን የመሰለ በናፍጣ የሚሠራ ከባድ መኪናም የመንገዱ ባለቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል የሚመጡ የነዳጅ ቦቴዎች ይህንኑ ዳገት ይወጡት ነበር።

በዚህ ሥራ ከነዳጅ ጋር ከሁሉ በላይ የሚነካካው ከሾፌሩ ይልቅ ረዳቱ ነበር። በናፍጣ መስመር ውስጥ አየር ገብቶ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጠፋ፣ ረዳቱ የማጣሪያውን ብሎን ላላ አድርጎ የእጅ ፓምፑን እየደጋገመ ይገፋል፤ ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ በጣቶቹ ላይ ይፈሳል፤ ብሎኑ የሚጠብቀውም አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ነው። ግሪሱን ለማስለቀቅ እጁን በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን ይታጠባል፤ ናፍጣ የነካው ቱታ ገላው ላይ እስኪደርቅ ይቆያል፤ ይህም ኬሚካሉ ከቆዳው ጋር የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝመዋል። በየቤቱም የኩራዝ መብራት የሆነው ነጭ ጋዝ ቅማል ለማጥፋት ራስ ላይ ሲቀባ ኖሯል። ያኔ የሚፈራው እሳቱ ነበር፤ ቆዳ ነዳጅን እንደ ግድግዳ አግዶ የሚመልስ ይመስል ነበርና።

ይህን ግምት የሚያፈርሰው ጥናት የተጀመረው ከመኪና ሠራተኞች ሳይሆን ከአየር ኃይል ችግር ተነሥቶ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፕላኖቹን ወደ ጄፒ-8 አዞረ፤ ይህ ነዳጅ በመሠረቱ ነጭ ጋዝ ሆኖ በረዶ እንዳይሠራና ዝገት እንዳይፈጠር የሚያደርጉ ቅመሞች የተጨመሩበት ነው። በቴክሳስ የኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ተመራማሪ የነበረው ስቲፈን ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጥናት፣ ጄፒ-8 በአይጦች ቆዳ ላይ ሲቀባ፣ በአንድ ጊዜ በብዛትም ሆነ በትንሽ በትንሹ ለተከታታይ ቀናት፣ በሽታን የመከላከል አቅማቸው በመላው አካላቸው እንደሚደክም አሳየ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎችም የመንገደኛ አውሮፕላኖች ነዳጅ የሆነው፣ እነዚያ ቅመሞች የሌሉበት ጄት ኤ ተመሳሳይ ውጤት ስለሰጠ፣ ጥርጣሬው በቅመሞቹ ላይ ብቻ ሊያርፍ አልቻለም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ተብራርቷል። ነዳጁ የነካቸው የቆዳ ሕዋሳት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለውን መልእክተኛ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ኢንተርሉኪን-10 የተባለው የመከላከያ ኃይልን የሚያበርድ ፕሮቲንም ይጨምራል፤ በቆዳ ውስጥ የሚኖሩት ማስት ሴሎች ደግሞ ተነሥተው ንፍፊት ሲያብጥ በሚዳሰሱት የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ይገባሉ። በዚህ የሚዳከመው በተለይ ቲ ሴል የተባለው፣ ፈንገስንና ቫይረስን በቀጥታ የሚዋጋው ነጭ የደም ሕዋስ ሲሆን፣ ፀረ-እንግዳ አካል የማምረት ሥራ ግን እምብዛም አልተነካም። ይህ በአይጥ ላይ የታየ ነው፤ ለሰው እንዳለ መውሰድ አይቻልም። የቤንዚን አንዱ አካል የሆነው «ቤንዜን» የተባለው ኬሚካል መቅኔን እንደሚጎዳና የደም ካንሰር እንደሚያስከትል ግን በሰው ላይ ከተረጋገጠ ቆይቷል።

የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በ1990 ዓ.ም. የተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወደቡንም ሲዘጋ የነዳጁ ጉዞ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ፤ በጣርማ በር የሚያልፈው ቦቴም ለአካባቢው ማደያዎች የሚያራግፈው ብቻ ሆኖ ቀረ። የማደያ ፓምፕ በተስፋፋበት ዘመን እጅ ከነዳጅ ትንሽ ርቆ የነበረ ቢሆንም፣ እጥረት በተከሰተ ቁጥር ቤንዚን ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ እየተገለበጠ ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል በመንገድ ዳር ይሸጣል፤ በቆላው ያለው ገበሬም ሽንኩርቱን የሚያጠጣበትን የውኃ ሞተር የሚሞላው በጀሪካን ነው። ለዚህ ሥራ ጓንት የሚያደርግ ሰው ማግኘት ዛሬም ብርቅ ነው።