«ጫማዎች ቤት» የማንለው ለምንድን ነው? (የዘገየ መልስ)

ከዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ብዙ ጫማ ነው፤ ታዲያ ለምን ‹ሹስ ሾፕ› አንልም?» አለችኝ። እኔም «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ ዝም ብለሽ ያዢው» ብዬ አስቀመጥኳት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እጇን ስታወጣ አላየሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ መልሱ እኮ አፋችን ላይ ነበር።

እኛስ «ጫማ ቤት» እንጂ «ጫማዎች ቤት» እንላለን እንዴ? ፊት የሚመጣው ስም የቤቱን ዓይነት ይነግረናል እንጂ ብዛት አይቆጥርም። ዋናው ስም ኋላ ያለው ነው። ቡና ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ቤት ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። «ሃውስ ቦት» ጀልባ ነው፤ «ቦት ሃውስ» ግን ቤት ነው። «ቱዝብራሽ» 32ቱንም ጥርስ ቢያጸዳ «ቱዝ» ነጠላ እንደሆነ ይቀራል።

ልማዱ የቆየ ነው። የጥንት እንግሊዞች ላይብረሪን «ቦክሁስ» ይሉት ነበር፤ ቃል በቃል «መጽሐፍ ቤት» ማለት ነው። በ1066 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም እንግሊዝን ያዘ። ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ሆነ። ከጊዜ በኋላ «ቦክሁስ» ጠፍቶ «ላይብረሪ» ገባ። ዋናውን ስም የሚያስቀድሙ የሕግ ስያሜዎችም መጡ። «አተርኒ ጀነራል» አንዱ ነው፤ ሲበዛ ፊተኛው ቃል ይበዛና «አተርኒስ ጀነራል» ይሆናል።

ይሄም ለእኛ እንግዳ አይደለም። እነሱ ከፈረንሳይኛ እንደወሰዱት እኛ ከግእዝ ወስደናል። «ቤተ መጻሕፍት» ስንል ዋናው ስም ፊት ነው፤ ሲበዛ «አብያተ መጻሕፍት» ይሆናል።

ደግሞ ልብ በሉ፦ «መጻሕፍት» ብዙ ነው! ግእዙ «ውስጡ ያለው ብዙ መጽሐፍ ነው» ብሎ በብዙ ጠራው። ልክ እንደዚያች ልጅ ማለት ነው። እንግሊዝኛም ቢሆን «ስፖርትስ ካር»፣ «ክሎዝስ ሾፕ» እያለ አልፎ አልፎ ደንቡን ይተዋል።

እና ልጄ፣ ይሄን የምታነቢው ከሆነ፣ ይቅርታ። ጥያቄሽ የሚያስቅ አልነበረም፤ መልስ ያጣሁት እኔ ነበርኩ። አስተማሪ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼም፣ አደራ፣ እጅ ያወጣን ልጅ «ዝም ብለህ ያዘው» አትበሉት። መጀመሪያ አማርኛውን ጠይቁት።