ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ መመለስ፡- ሕጉ፣ አሠራሩና የሰነዶቻችን ዕጣ

በኮምፒዩተር ላይ ያለን አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንስቶ በቀድሞው መተካት በባለሙያዎቹ አነጋገር ‹‹ዳውንግሬድ›› ይባላል፡፡ ከዊንዶውስ 11 ወደ ዊንዶውስ 10 ወይም ወደ ዊንዶውስ 7 መመለስ ለዚህ ምሳሌ ነው፡፡ ሰው ወደዚህ የሚሄደው ማሽኑ አዲሱን ሲስተም መሸከም ሲያቅተው፣ ፕሪንተሩ ወይም የሒሳብ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል፣ አለዚያም የቆየ ሰነድ አልነበብ ሲለው ነው፡፡

በእኛ አገር ይህ የመጨረሻው ምክንያት ይከብዳል፡፡ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ የተካተተው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ኒያላ የተሰኘውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው በ1999 ዓ.ም. በወጣው ቪስታ ነው፡፡ ከዚያ በፊት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር የሚጻፈው፡፡ የቀድሞዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሰነዱ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው፡፡

ጉዳዩ ከቴክኒክ አልፎ የመብት ጥያቄ ይሆናል፡፡ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ወልዲያም ሆነ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው መርሳ፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፣ ባለጉዳይ ክሱንና ውሉን የሚያስጽፈው በኮምፒዩተር ነው፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት፣ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በስተቀር፣ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው፡፡ ማይክሮሶፍት ግን ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፡፡ አንድ ውል ሊያስከስስ በሚችልበት ዕድሜ ውስጥ የተጻፈበት ሲስተም ያረጃል ማለት ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል፡፡ ሕጋዊ ባለቤቱ ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ እንዲያስቀርም ይፈቅዳል፡፡ ወደ ቀድሞው ሲስተም የመመለስ መብት ግን የሚገኘው ከፈቃድ ውሉ ነው፡፡ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተሸጠ የዊንዶውስ 11 ፕሮ ፈቃድ ወደ ዊንዶውስ 10 ፕሮ መመለስን ሲፈቅድ፣ የሆም ፈቃድ ይህን መብት አይሰጥም፡፡ ፈቃዱ አንድ በመሆኑም ሁለቱን ሲስተሞች ጎን ለጎን መጠቀም አይቻልም፡፡

አሠራሩ

በቅድሚያ ሰነዶችን በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል፡፡ ብዙዎች የሚዘነጉት ፎንቱን ነው፤ ሰነዱ ተርፎ ፎንቱ ከጠፋ ንባቡ አብሮ ይጠፋል፡፡ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉን ማስቀመጥ ይገባል፡፡

ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ያሳደገ ሰው በ10 ቀናት ውስጥ ከሆነ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ በኩል ገብቶ ‹‹ጎ ባክ›› የሚለውን በመምረጥ ሰነዶቹን እንደያዘ መመለስ ይችላል፡፡ ጊዜው ካለፈ ያለው አማራጭ ከፍላሽ እንደ አዲስ መጫን ሲሆን፣ ይህም በዲስኩ ላይ ያለውን ያጠፋል፡፡ የኮምፒዩተሩ ድራይቨሮች ለቀድሞው ሲስተም መኖራቸውንም አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል፡፡ ለምሳሌ የዊንዶውስ 7 መጫኛ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ስለሌለው በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ማውሱና ኪቦርዱ ሊደነዝዙ ይችላሉ፡፡

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል፡፡ ስለዚህ መጫኛውና ድራይቨሩ በእጅ ሳይገቡ ኮምፒዩተሩን ፎርማት ማድረግ አይመከርም፡፡

አደጋውና አማራጩ

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ ቫይረስ የሰዎችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ከተጠቁት የሚበዙት የደኅንነት ማስተካከያው ያልተጫነላቸው የዊንዶውስ 7 ኮምፒዩተሮች ነበሩ፡፡ ድጋፉ የቆመ ሲስተም ደግሞ አዲስ ማስተካከያ አይደርሰውም፡፡ የደንበኛን ምስጢር የያዘ ኮምፒዩተር በእንዲህ ያለ ሲስተም ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ኃላፊነት የጎደለው ተግባር ነው፡፡

ችግሩ የቆየ ሰነድ ማንበብ ብቻ ከሆነ መመለስም ላያስፈልግ ይችላል፡፡ የቀድሞውን ፎንት በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ መጫን አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው፡፡ ፕሮግራሙ ራሱ ካስፈለገ ቨርቹዋልቦክስን በመሳሰለ ሶፍትዌር የቀድሞውን ዊንዶውስ በአዲሱ ውስጥ ማስኬድ ወይም አንድ አሮጌ ማሽን ከኢንተርኔት ነጥሎ ማቆየት ይቻላል፡፡

ዘላቂው መፍትሔ ግን የቆዩትን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥና ፒዲኤፍ ቅጂ ማስቀመጥ ነው፡፡ የተፈረመበትን ወረቀትም አብሮ መጠበቅ ይገባል፡፡ የሕግ ቢሮዎችም ሆኑ የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች ይህን ሥራ ዛሬ ቢጀምሩ፣ ከሀብሩ ገጠር በዘጠነኛው ዓመት ውሉን ፍለጋ የሚመጣ ባለጉዳይ ባዶ እጁን አይመለስም፡፡