የካይባብ አጋዘኖችና የበረዶው ወራት



በ1924 እ.ኤ.አ. መገባደጃ፣ በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት፣ ከግራንድ ካንየን በስተሰሜን ባለው የካይባብ አምባ ላይ የአጋዘን እልቂት ደርሶ ነበር። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የፈጃቸው ብርዱ ነውን?

አስቀድሞ ስለ ስሙ። በአገራችን አጋዘን የምንለው ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይሸከማል። የካይባቡ ወንድ ግን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል፤ ጆሮውም እንደ በቅሎ ጆሮ የረዘመ ነው። የተሻለ ቃል ስለሌለን በዚሁ እንጠራዋለን።

ይህ እንስሳ ብርድን ይችላል። ጠጕሩ ይደድራል፤ እንቅስቃሴውን ቀንሶ በሞቃቱ ወራት ያጠራቀመውን ስብ ይቆጥባል። የሚያሸንፈው የበረዶ ክምር ነው። እግሩ ሲሰምጥና ግጦሹ ሲቀበር፣ በአምባው ላይ ተበትኖ የከረመው መንጋ ዝቅ ወዳለው ጠርዝ ወርዶ በጠባብ ስፍራ ይታጨቃል፤ ቍጥቋጦም እየቀነጠበ ይከርማል። እንግዲህ የመንጋውን ልክ የሚወስነው ሰፊው የላይኛው መስክ ሳይሆን ይህ ጠባብ መጠጊያ ነው።

በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስፍራውን ጥብቅ ክልል አደረጉት። የአጋዘን አደን ተከለከለ፤ አጋዘን የሚበሉት ፑማና ተኵላ ግን በመንግሥት አዳኞች ተጨፈጨፉ። መንጋው በዛ። በ1924 ሠላሳ ሺህ ነው ያሉ ነበሩ፤ መቶ ሺህ ያሉም ነበሩ። ግሬም ኮክሊ በ1970 እነዚህን ግምቶች አጥብቆ ተችቷል፤ እኔም መቶ ሺሁን ለመቀበል እቸገራለሁ። የቍጥቋጦው ተነጭቶ ማለቅ ግን በዘመኑ በቦታው የነበሩ ሰዎች የመሰከሩት ነው። በረዶው መንጋውን ሲያወርደው የጠበቀው የተራቈተ ቅርንጫፍ ነበር፤ ከፍ ያለውን መድረስ ያልቻሉት ግልገሎች ቀድመው አለቁ። ለዚህም ነው ብርዱን ብቻ መክሰስ የማይበቃው፤ ብርዱ የገደለው ለዓመታት ሲራብ የኖረን መንጋ ነው።

በዚያው ታኅሣሥ ጆርጅ ማኮርሚክ የተባለ ሰው አጋዘኖቹን በገደሉ አሻግሮ ሊነዳ ሰዎች አሰባስቦ ተነሣ። በረዶ ወረደ፤ አጋዘኖቹም በነጂዎቹ መካከል እየሾለኩ ወደ ኋላ ተመለሱ። አንድም አልተሻገረም።

የፌዴራሉ መንግሥት መንጋውን ለመቀነስ ማስገደል ሲጀምር፣ አሪዞና በራሷ የአደን ሕግ ገዳዮቹን አሰረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1928 ለፌዴራሉ መንግሥት ፈረደ፤ መሬቱን ከጥፋት የመከላከል ሥልጣን አለው ሲል። አንድ ግዴታ ግን አከለ፤ ከክልሉ የሚወጣው ሥጋና ቆዳ ሁሉ በመንግሥት ፈቃድ የተገደለ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይኑረው።