የአረጋውያን ወዳጅነት በስልክ ቡድኖች

አረጋዊ የሚባለው ዕድሜው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ነው። ዕድር፣ ማኅበርና የቡና ሥርዓት አረጋውያን የሚጠያየቁባቸው ነባር መንገዶች ናቸው። ይሁን እንጂ ጉልበት ሲደክም ወይም የመኖሪያ ሰፈር ሲለወጥ አረጋውያን ከወዳጆቻቸው ሊርቁ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ የሚመሠረት ቡድን ግንኙነቱን ለማስቀጠል ያግዛል።

በቡድኑ ውስጥ የማለዳ ሰላምታ፣ የበዓል መልካም ምኞትና የቀድሞ ፎቶግራፎች ይለዋወጣሉ። መጻፍ ለሚከብዳቸው የድምፅ መልእክት ምቹ ነው። መርዶ ግን እንደ ባህሉ በአካል ቢነገር ይመረጣል። ዘወትር ሰላምታ የሚልክ አባል በድንገት ዝም ሲል፣ ባልንጀሮቹ ደውለው ወይም ጎረቤት ልከው ደኅንነቱን ሊያረጋግጡ ይገባል።

ጥንቃቄ፦ በአጭር መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥርም ሆነ የባንክና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም። በወዳጅ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲደርስ፣ የወዳጁ አካውንት በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመላክ በፊት ደውሎ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል።

የስልክ ቡድን በአካል መጠያየቅን አይተካም። ስለሆነም ልጆችና የልጅ ልጆች አረጋውያንን የስልክ አጠቃቀም ሲያስተምሩ፣ ወዳጆቻቸው ዘንድ ማድረሱንም ሊዘነጉ አይገባም።