የላይማን-አልፋ ደን

የላይማን-አልፋ ደን ከሩቅ ኳሳሮች የሚመጣ ብርሃን በየሞገዱ ሲተነተን ተጠጋግተው የሚታዩ የብዙ ጥቁር መስመሮች መጠሪያ ነው። መስመሮቹን የሚፈጥረው በመንገድ ላይ ያለ ሃይድሮጅን ነው፤ ትልቁ ዋጋቸው ግን ሃይድሮጅኑን በስበቱ የሚሰበስበውን ጨለማ ቁስ ማሳየታቸው ነው። ጨለማ ቁስ ብርሃን አይሰጥም፣ አይከልልምም።

ኳሳር በጋላክሲ እምብርት ወዳለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ በሚወርድ ጋዝ ግለት የሚያበራ እጅግ ደማቅ አካል ነው። ብርሃኑ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲጓዝ ጠፈሩ ራሱ ስለሚሰፋ ሞገዱ ያለማቋረጥ ይረዝማል። ገለልተኛ ሃይድሮጅን ደግሞ 121.6 ናኖሜትር ርዝመት ያለውን ሞገድ አጥብቆ ይመጥጣል። በመሆኑም እያንዳንዱ የጋዝ ክምችት፣ ብርሃኑ ሲያልፍበት ልክ እዚህ ርዝመት ላይ የደረሰውን ክፍል ያስቀርበታል፤ ጉድለቱም ከቀሪው ብርሃን ጋር እየተለጠጠ ይጓዛል። የመስመሩ ቦታ የጋዙን ርቀት፣ ጥልቀቱ የጋዙን መጠን ይናገራል። ከአንዲት የብርሃን ነጥብ ይህን ያህል ረጅም ዘመን የሚነበብበት ሌላ ዘዴ ብዙም የለም።

እ.ኤ.አ. በ1965 ጀምስ ገንና ብሩስ ፒተርሰን በጋላክሲዎች መካከል ያለው ሃይድሮጅን ገለልተኛ ቢሆን ኖሮ ይህ የብርሃን ክፍል ጨርሶ ይጠፋ እንደነበር አሳዩ። አለመጥፋቱ ጋዙ ከሞላ ጎደል ኤሌክትሮኖቹን እንዳጣ መሰከረ፤ ደኑን የሚሠራው የተረፈው እጅግ ጥቂቱ ነው። መስመሮቹን በመካከል ካለ ሃይድሮጅን ጋር ያገናኛቸው ሮጀር ሊንድስ ነው፣ በ1971።

በ1990ዎቹ የተሠሩ የኮምፒውተር ስሌቶች አመለካከቱን ቀየሩ። ጋዙ የተበታተነ ደመና ሳይሆን፣ ከተራው ቁስ አምስት እጥፍ ያህል በሚበልጠው ጨለማ ቁስ ስበት የተዘረጋ ድር መሆኑ ታየ። ከዚህ በኋላ ደኑ ስለ ጨለማ ቁስ ባሕርይ መጠየቂያ ሆነ። ቅንጣቶቹ ቀላልና ፈጣን ከነበሩ ትንንሽ ክምችቶች ገና ከጅምሩ በተበተኑ፣ የደኑም ደቃቅ መስመሮች በሳሱ ነበር። ማቴዮ ቪየልና ባልደረቦቹ በ2013 ከኬክና ከማጀላን ቴሌስኮፖች በተገኘ መረጃ ተመርኩዘው፣ በመጀመሪያ ከሌላው ቁስ ጋር በሙቀት ሚዛን የነበሩ «ሞቃት» የሚባሉ የጨለማ ቁስ ቅንጣቶች ክብደት ከ3.3 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ማነስ እንደማይችል ገመቱ።

ከባዱ ፈተና የጋዙ የራሱ ሙቀት ነው። ወደ 10,000 ኬልቪን የሞቀ ጋዝ ደቃቁን ቅርጽ ያለሰልሳል፣ መስመሮቹንም ያሰፋል፤ ውጤቱ ፈጣን ቅንጣቶች የሚያስከትሉትን ይመስላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሙቀቱን ታሪክና የቅንጣቱን ክብደት አንድ ላይ ይገምታሉ፤ የዩኒቨርስ ድር ገና ብዙ ሳይወሳሰብ የነበረበትን ዘመን የሚያሳዩ በጣም ሩቅ ኳሳሮችንም ይመርጣሉ።