የዮዲትን ታሪክ ማን ያውራው?

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ብትሉ የምትሰሙት «ጎል!» የሚል ጩኸት ነው። ኳሱን አልነቅፍም። ዛሬ ግን ለታሪኩ ሲባል ሊጫወቱት የሚገባ አንድ ጌም ልጠቁማችሁ፦ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ቱ»። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ኢትዮጵያውያን የገቡበት በ2015 በወጣው «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ አምስት ምዕራፍ ያለው የዮዲት ታሪክ አለ።

አዎ፣ ያችው ዮዲት ጉዲት! አክሱምን አፈረሰች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች እየተባለ ስንሰማ ያደግነው። ጌሙ ታዲያ ተጫዋቹን ከእሷ ጋር ያሰልፈዋል። ጥቂት ሰው ይዛ ስትሰደድ፣ የሶርያውን ልዑል ስታገባ፣ በመጨረሻም ጦር አስከትላ ስትመለስ አብረናት እንጓዛለን። ስደቱም ሶርያዊው ባልም የጌም ሠሪዎቹ ፈጠራ አይደሉም፤ ከራሳችን አፈ ታሪክ የተወሰዱ ናቸው። የእነሱ ብልሃት «ምን አጠፋች?» ከማለት ይልቅ «ለምን ተመለሰች?» ብለው መጀመራቸው ነው።

ማስረጃውስ ምን ይላል? ኢብን ሐውቀል የተባለ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ዓረብ ጸሐፊ፣ ንጉሡን ገድላ ሐበሻን ለ30 ዓመት ያህል ስለገዛች ሴት ጽፏል። በዚያው ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኑቢያው ንጉሥ ጊዮርጊስ በላከው ደብዳቤ አገሩን ስላጠፋች ንግሥት ብሶቱን ያሰማል። ማንነቷ ግን ዛሬም ያከራክራል። አይሁዳዊት ናት የሚል አለ፣ አገው ናት የሚል አለ፣ ከዳሞት የመጣች ናት የሚልም አለ።

ልብ በሉ፦ ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ በሩቅ የሰማ፣ ሌላው የተጠቃ ነው። ከእሷ ወገን የደረሰን ቃል የለም።

ነገሩ ለአዊ ወጣት ቀላል ጨዋታ አይደለም። አገው በአንዱ ትረካ የዮዲት ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያን አፍራሽ ይሆናል። በሌላው ደግሞ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት የዛግዌ ነገሥታት ወገን ነው። አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ስም! ልዩነቱ የተረከው ሰው ነው።

ጌሙም ጉድለት አያጣውም። የአክሱም ቤተ መንግሥት ጽሑፍ ግዕዝ ሆኖ ሳለ የጌሙ ወታደሮች የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከአገውኛ አንድ ቃል አትሰሙም። የኢትዮጵያውያን ጉልበትም ቀስተኛ ተደርጓል። እንጅባራ ቢጠየቅ «ፈረሱስ የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም! በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው ጣሊያን ገና ሳይወጣ በ1932 ዓ.ም. ነው። የሚዘክረውም ፈረስ በአድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋለውን ውለታ ነው። የትኛው ጌም ነው ከዚህ የተሻለ ታሪክ ያለው?

እናም ጌሙን ተጫወቱት። ስትጨርሱ ኮምፒውተሩን ዝጉና አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ስለ ሰባት ቤት አገው ጠይቁ፦ ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ መተከል። የሚነግሯችሁንም ጻፉት። የዮዲት ወገን ባለመጻፉ ይኸው ከሺህ ዓመት በኋላ ታሪኳን ባዕድ ጌም ሠሪ ይተርክልናል።

ቸር ይግጠመን!